ማግኔቱን ተዉት፣ ምንጩን አሻሽሉ፦ ከአዳማ የተነሳ ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ አዳማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ለትምህርት ውጭ አገር ሄጄ፣ ከባድ አዮኖችን በሚያፈጥን ሳይክሎትሮን ላይ ሁለት ዓመት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አነሱ። አንድ ቤተ ሙከራ ያረጀ ሳይክሎትሮን አለው እንበል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። የተሻለ ቢም ይፈልጋል፤ ቢም የምንለው ከማሽኑ የሚወጣውን የአዮን ጨረር ነው። መጀመሪያ የቱን ይንካ? ክፍሉ በሙሉ ማግኔቱን አለ። እኔ ግን የአዮን ምንጩን እላለሁ። እስኪ እናንተም ፍረዱ።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሳይክሎትሮን ትልቅ ክብ ማግኔት ነው። አዮኑ የአዮን ምንጭ በሚባለው ክፍል ተሠርቶ መሐል ላይ ይገባል። ማግኔቱ ያዞረዋል፤ በዞረ ቁጥር ደግሞ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ገፋ ያደርገዋል። እየፈጠነ ሲሄድ ክቡ ይሰፋል። ጠርዝ ሲደርስ ይወጣል። ኧርነስት ሎውረንስና ተማሪው ስታንሊ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1931 በርክሌይ ውስጥ የሠሩት የመጀመሪያው ማሽን መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነበር። ከ2,000 ቮልት ባነሰ ግፊት 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት አወጣ፤ ኤሌክትሮን ቮልት የአዮን ጉልበት መለኪያ ነው። ያቺ ትንሽ ግፊት ናት ተደጋግማ እዚያ ያደረሰችው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ከባድ አዮን ማለት አርጎንን፣ ብረትን ወይም ዜኖንን የመሰለ አቶም ሆኖ ኤሌክትሮኖቹ የተገፈፉ ነው። ስንት ተገፈፉ የሚለው ብዙ ነገር ይወስናል። ማግኔቱ ሳይነካ የአዮኑ ቻርጅ እጥፍ ቢሆን፣ የሚወጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር እንየው። ባለሙያዎች የማግኔቱን አቅም «ኬ» በሚባል ቁጥር ይለኩታል። ኬው 100 የሆነ ማሽን ውስጥ 8 ኤሌክትሮን የተገፈፈ አርጎን 40 (40ው የፕሮቶንና የኒውትሮኖቹ ድምር ነው) ብናስገባ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን 4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሰዋል። 16 የተገፈፈ ብናስገባ 16 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ማሽኑ ያው ነው፤ ብረቱም ያው ነው። የተቀየረው ምንጩ ብቻ ነው። ይህንኑ በማግኔት ላግኝ ያለ ሰው ራዲየሱን ወይም መስኩን እጥፍ ማድረግ አለበት። ያ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ማለት ነው።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር። እዚህ ከተማ አንድ ቀን የዚህን ሥራ እጅ ለማስለመድ ከተነሳን፣ መነሻችን ምንጭን ብቻ የምንሞክርበት ጠረጴዛ ይሁን ባይ ነኝ። በሉ ተከራከሩኝ።

ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ተማሪዎቼ እንዲከታተሉት መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል ከታች አስፍሬያለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ሐዋሳ የሚያስተምር ባልደረባ ነው። በትህትና ተስማማና ታሪክ ጨመረበት። ፔኒንግ የሚባለው የድሮው ምንጭ ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚለቀው ብረት) በፕላዝማው፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በተላቀቁት የጋለ ጋዝ፣ እየተበላ በሰዓታት ውስጥ ያልቅ እንደነበር አስታወሰ። ማሽኑ ይቆማል፣ ካቶዱ ይቀየራል፣ ቫኪዩሙ እንደ አዲስ ይሳባል። ሪሻርድ ጌለር ፈረንሳይ ውስጥ፣ ግሬኖብል ላይ፣ በ1970ዎቹ ያሳደገው ምንጭ ግን የሚቃጠል ካቶድ የለውም። ጋዙን የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ ነው። ስለዚህ ሳይከፈት ለሳምንታት ይሠራል። ስሙ የኤሌክትሮን ሳይክሎትሮን ሬዞናንስ ምንጭ ነው። እዚህ ክር ውስጥ ሁላችንም ሬዞናንስ እያልን አሳጥረነዋል።

መልስ 2። አንዲት የ3ኛ ዓመት ተማሪ ማይክሮዌቭ ምግብ ያሞቃል እንጂ እንዴት አድርጎ ኤሌክትሮን ይገፍፋል ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይገባው ያልፈዋል።

መልስ 3። የእኔ ነው። ኤሌክትሮን ማግኔት ውስጥ ሲገባ ይዞራል። በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ (ቴስላ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ይዞራል። የማይክሮዌቩ ምት ከዙሩ ጋር ከተገጣጠመ (ሬዞናንስ ማለት ይህ ነው)፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በሰዓቱ እንደመግፋት ነው፤ በዞረ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል። የቤት ማይክሮዌቭ ምቱ 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ፣ ስለሆነ የሚገጥመው መስክ 0.0875 ቴስላ ነው። ለ14 ጊጋኸርዝ ግማሽ ቴስላ ያስፈልጋል። የሞቀው ኤሌክትሮን አቶሙን እየመታ አንድ በአንድ ይገፍፈዋል። የአርጎንን የመጀመሪያ ኤሌክትሮን ለማውጣት 16 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃል። 8ኛው 143 ይጠይቃል። 9ኛው ላይ ግን በአንዴ 422 ይሆናል፤ ምክንያቱም ወደ ውስጠኛው ቀለበት ገባን። 17ኛው ከ4,000 በላይ ነው። ይህን ሰንጠረዥ ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት ዝም ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ነበር። መልሴን የጨረስኩት ምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ፕላዝማው በምቱ ካሬ ያህል ሊጠቀጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ማይክሮዌቭ ግዙ ብዬ ነው።

መልስ 4። እዚህ ላይ ታረምኩ። ፕላዝማ ላይ ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራ ልጅ፣ ማይክሮዌቩን ብቻ ከፍ ማድረግ ዋጋ እንደሌለው አስረዳ። ፕላዝማውን የሚይዘው የማግኔት ወጥመድ አብሮ ማደግ አለበት። በልምድ የሚሠራበት ሕግ አለ። ጋዙ በሚገባበት ጫፍ መስኩ ለሬዞናንስ ከሚበቃው አራት እጥፍ ገደማ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሁን ይላል። ለ28 ጊጋኸርዝ ሲሰላ 4 ቴስላና 2 ቴስላ ይመጣል። እዚያ ደረጃ ላይ ሱፐርኮንዳክተር (እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ መከላከል የሚያስተላልፍ ሽቦ) የግድ ይሆናል፤ የበርክሌዩ ቬነስ ምንጭ እንደዚያ ነው። ልጁ ትክክል ነው። ርካሽ ያልኩት መንገድም እየራቀ ሲሄድ ውድ እንደሚሆን መናገር ነበረብኝ።

መልስ 5። ይህን መልስ ከሁሉም ወድጄዋለሁ። ከወንጂ ስኳር ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ጻፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቫኪዩም ፓን ጠግነዋል። የስኳሩ ሽሮፕ ሳያር በዝቅተኛ ሙቀት እንዲፈላ ከፓኑ ውስጥ አየር ይሳባል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሲጠፋባቸው በፍላንጁ (በመጋጠሚያው) ዙሪያ ሻማ ያዞሩ እንደነበር ነገሩን። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ጎንበስ ካለ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው። እናንተስ እንዴት ታገኙታላችሁ ብለው ጠየቁኝ።

መልስ 6። ለጋሼ የጻፍኩት ነው። እኛ ከውጭ ሂሊየም እንነፋለን፤ ውስጥ ያለው መለኪያ ሂሊየም ከሸተተው ቀዳዳው ያ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው። የእኛ ቫኪዩም እዚህ አዳማ ከምንተነፍሰው አየር ከቢሊዮን ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። እንደዚያ የሆነበት ምክንያት አለ። ብዙ የተገፈፈ አዮን የተራበ ነው። መንገድ ላይ አንድ የአየር ሞለኪውል ካገኘ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ያኔ ቻርጁ ይቀንሳል፣ ክቡ ይለወጣል፣ ግድግዳ ይመታል። ያ አዮን ጠፋ ማለት ነው።

ከዚያ በራሴ የደረሰውን ነገርኳቸው። አንድ ሌሊት መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በፓምፑና በምንጩ መካከል ያለው በር በራሱ መዘጋት ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ጥገና ስንሠራ ግን በእጅ እንዲንቀሳቀስ አድርጌው፣ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። አልተዘጋም። በኋለኛው ፓምፕ በኩል እርጥብ አየር ወደ ምንጩ ገባ። ሁሉን አስነስቼ ስክሪኑ ላይ ስመለከት፣ 12 እና 13 ኤሌክትሮን የተገፈፈው አርጎን ቀጫጭን ጫፎች የሉም። በቦታቸው ወፋፍራም የኦክሲጅንና የናይትሮጅን ጉብታዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ውሃ ጠጥቷል። ያንን ውሃ ፕላዝማው ራሱ እየደበደበ እስኪያወጣው ሦስት ቀን ጠበቅን። ቢም ሊጠቀሙ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ በሩን ሁለት ጊዜ ሳላይ ከክፍሉ ወጥቼ አላውቅም።

መልስ 7። ድምፁ ከዚህ ተቀየረ። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልክ ልኬን ነገረኝ። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ ለስላሳው ቃል ግን ያ ብቻ ነበር። ለጥቂት ሰከንድ መጥፋት ሦስት ቀን የሚያስከፍል ዕቃ፣ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ቦታ እንዴት ታስባለህ አለኝ። ሌላም ጠቃሚ ነገር አነሳ። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው። ከዚያ በላይ በከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት መጨመር አለበት፤ አለዚያ ብልጭታ ይዘላል። ምንጭ ደግሞ አዮን ለማውጣት 20,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። አነጋገሩ ቢከብደኝም ነጥቡን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

መልስ 8። አንድ ወጣት ተናዶ መለሰለት። ሁልጊዜ መብራት የለም እያልን ልጆቻችንን ከመማር ልንከለክል ነው ወይ የሚል ነው ባጭሩ። እንዳይጋጩ ፈርቼ ነበር። ደግነቱ ወሬው ወደ ውሃ ሄደ።

መልስ 9 እና 10። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ማግኔት ማቀዝቀዣ ሊሆን አይችልም አለ አንዱ። ሌላው አረመው። ችግሩ ፍሎራይድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሶዲየምም ይሁን ካልሲየም፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ማንኛውም አዮን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የየትኛውም አገር የቧንቧ ውሃ ቢሆን ለዚህ ሥራ በቀጥታ አይገባም። አዮን የሚይዝ ሬዚን በተሞላ ሲሊንደር ውስጥ እያለፈ ይጣራል፤ ያው ውሃ በዝግ መስመር ይመላለሳል። ጨዋማ ውሃ ሬዚኑን ቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ ሥራውን አይከለክልም። ጥሩ እርማት ነው።

መልስ 11። ሞተር የሚጠመጥም የፍራንኮ ሰፈር ልጅ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ምን አገናኛቸው ብሎ ገረመው። የትልቅ ማግኔት ሽቦ ከውስጡ ክፍት የሆነ የመዳብ ቱቦ እንደሆነ ነገርኩት። ኤሌክትሪኩ በመዳቡ፣ ውሃው በመሐሉ ይሄዳል። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በውሃውም በኩል ይሾልካል። ዝቃጭ ካለው ቀዳዳው ይደፈንና እዚያች ቦታ ላይ መዳቡ ይግላል። ልጁ ወዲያው ገባው። የተቃጠለ ሞተር ሲፈታ ያችን የጠቆረች አንዲት ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየ ጻፈ።

መልስ 12። ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ይህ ነው። አዳማ ተወልዶ ውጭ አገር በማፍጠኛ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ነው። አቋሜ ግማሹን ብቻ እንደሚያይ ያለ ይሉኝታ ጻፈ። ምንጩ የሰጠው ሁሉ ዒላማው ላይ አይደርስም። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ምንጩን ስታበረታው አዮኖቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ቢሙ ያብጣል፤ የቱቦውን ግድግዳ ይልሳል። ከላይ የመጣውን ቢም ወደ ጎን በሚያጥፈው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይጠፋል። የኤሌክትሮዱ ቮልቴጅ በማይገፋበት ቅጽበት የደረሰው ይጠፋል። መውጫው ላይ ያለው ስስ ሳህን ላይ ይጠፋል። ምንጫቸውን አዲስ ያደረጉ ቤቶች፣ ምንጩ ላይ የተገኘው ብዛት ዒላማው ላይ በዚያው ልክ አለመታየቱን ሲያዩ አዝነዋል። እሱ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያውለው ለመንገዱ ነው። የመስመሩን አሰላለፍ ያስተካክላል፣ ቫኪዩሙን ያጠራል፣ አዮኖቹን በሰዓታቸው ሰብሰብ የሚያደርገውን በንቸር ይጨምራል።

መልስ 13። እኔ መለስኩለት። ግማሹን ተቀብያለሁ። ለብዛት ከሆነ እሱ ትክክል ነው። ለጉልበት ከሆነ ግን መንገዱ ቻርጅ አይጨምርም። አንድ ጊዜ 8 የተገፈፈ ሆኖ ከመጣ፣ መስመሩን የፈለግከውን ያህል ብታጸዳው 16 አይሆንም። በዚህ አሁንም አልለቅም።

ማግኔቱንም ችላ ማለቴ እንዳልሆነ አስረዳሁ። መስኩ መርጋት አለበት። አዮኑ 300 ጊዜ ይዞራል እንበል። መስኩ ከ10,000 አንድ እጅ ቢዛነፍ፣ በመጨረሻው ዙር 11 ዲግሪ ገደማ ይዘገያል ወይም ይቀድማል። ይህ ይቻላል። ከ1,000 አንድ እጅ ከሆነ ግን ከ100 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ቮልቴጁ መግፋቱን ትቶ ያቆመው ጀመር። እኛ ዘንድ ማግኔቱ ማታ ከተነሳ ብረቱ ሙቀቱን እስኪይዝ ሊነጋ ይደርስ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ቁልፍ ነካ ማድረግ ነው። ብረቱ እየሞቀ መስኩ ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ አንተ ትከተለዋለህ።

ከ14 እስከ 16። ወሬው ወጣ ብሎ ሄደ። አንዱ የግንቦት ሙቀት ብረቱን ሳይሆን ኦፕሬተሩን ይጨርሰዋል አለ። ሌላው በኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ለማሽኑ አይበቁም ወይ ብሎ ጠየቀ። ተርባይኖቹ ለዋናው መስመር እንደሚሰጡ ሦስተኛው መለሰ። ናዝሬት ወይስ አዳማ የሚል ንትርክም ብቅ አለና አለፈ።

መልስ 17። አንዲት አስተያየት ሰጪ ከዚህ አህጉር ምሳሌ አለ ወይ ለሚሉ ኬፕታውን አጠገብ ያለውን አይቴምባ ላብስ ጠቀሰች። ዋናው ሳይክሎትሮን ኬው 200 ነው። የከባድ አዮን ቢሙ የሚነሳውም ከሬዞናንስ ምንጭ ነው። ሩቅ አገር ብቻ አንመልከት የሚል ሐሳቧን ደግፌያለሁ።

መልስ 18 እና 19። አንዲት ነርስ ይህ ማሽን ለካንሰር ምርመራ የሚወጋውን መድኃኒት የሚሠራው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የሐዋሳው ባልደረባ መለሰላት። ያ ሌላ ዓይነት ነው። ትንሽ ነው፣ የሚያፈጥነውም ፕሮቶን ነው፣ ፍሎሪን 18 ይሠራል። የፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መንገድ ይቆጠራል። አንድ ሰዓት ተኩል መኪና ላይ ከቆየ 57 በመቶ ገደማ ብቻ ይደርሳል። ነርሷ አክስቷ ለሕክምና ስትመላለስ ያየችውን ጻፈች። ያን እዚህ አልዘረዝርም፤ የእሷ ነው። ግን አንብቤው ቆይቼ ነው ወደ ሌላው የሄድኩት።

መልስ 20። የመልስ 2 ተማሪ ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ስሌት ይዛ። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተመነጠቀችውን የኢትዮጵያን ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት አነሳች። ጠፈር ላይ አንድ ከባድ አዮን ቺፕ ውስጥ ሲያልፍ 0 የነበረውን 1 ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቺፖች ከመላካቸው በፊት በሳይክሎትሮን ቢም ይፈተናሉ። ለፈተናው አንድ ዓይነት አዮን አይበቃም፤ ቀለል ያለም ከበድ ያለም ያስፈልጋል። ታዲያ በየሰዓቱ ማሽኑን ከባዶ ማስተካከል ይቻላል? እሷ እንዲህ አሰላችው። ብረት 56 በ15 ቻርጅ፣ ክሪፕቶን 82 በ22፣ ዜኖን 131 በ35። ክብደቱ ለቻርጁ ሲካፈል 3.733፣ 3.727፣ 3.743 ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ሁሉም ባንድ ላይ ከምንጩ ይወጣሉ፣ በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ሳይክሎትሮኑ ግን ይለያቸዋል። በብረትና በክሪፕቶን መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት በ300 ዙር ሲባዛ ከ170 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የኤሌክትሮዶቹን ቮልቴጅ ምት በጥቂቱ ዞር ስታደርገው ብረቱ ይጠፋና ክሪፕቶኑ ይመጣል። ባለሙያዎች ኮክቴል ይሉታል። ይህን ያሰላችው የእኔን መልስ 13 አንብባ ነው። ጎበዝ!

መልስ 21። የሐዋሳው ባልደረባ ስለ ብረታ ብረት ጨመረ። ጋዝ ቀላል ነው፤ ቧንቧ ከፍቶ ማስገባት ነው። ብረት ግን መትነን አለበት። ለዚህ ምንጩ ውስጥ ጣት የምታህል ምድጃ አለች። ሩሲያ ውስጥ፣ ዱብና ላይ፣ ከ114 እስከ 118 ያሉት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች የተገኙት በካልሲየም 48 ቢም ነው። ይህ ካልሲየም በተፈጥሮ ከ1,000 አቶም ውስጥ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ አንዲት ሚሊግራም አትባክንም። ከ118 በላይ ለመሄድ ካልሲየም ስለማያደርስ በርክሌይ ወደ ቲታኒየም 50 ዞረ። ምድጃው 1,650 ዲግሪ ገደማ መድረስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2024 መንገዱን ለመሞከር በ22 ቀን የቢም ጊዜ ሁለት የሊቨርሞሪየም (የ116ኛው ንጥረ ነገር) አቶሞች መገኘታቸውን አስታወቁ። ሁለት አቶም! ያን ሁሉ ቀን ምንጩ ሳይዋዥቅ መቆየት ነበረበት። እኔ ስለ ምንጭ ስከራከር የማስበው እንዲህ ያለውን ሌሊት ነው። ምድጃዋን የሞከረ ያውቀዋል። ቡና እንደመቁላት ነው፤ እሳቱን ከቸኮልክበት በአንዴ ያርብሃል። ብረቱ በብዛት ይተንና ፕላዝማው ይታፈናል።

ከ22 እስከ 24። አንድ ልጅ በጋለ ስሜት የቤታቸውን ማይክሮዌቭ ፈትቶ ምንጭ ሊሠራ እንደሆነ ጻፈ። የመልስ 7 የኤሌክትሪክ ባለሙያ ደም ፍላት ባለበት ቃል አስቆመው። በዚህ እኔም ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር 2,000 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ከካፓሲተሩ ጋር ሲሆን ማይክሮዌቩን የሚያመነጨው ማግኔትሮን 4,000 ገደማ ይደርሰዋል። ያ ይገድላል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከሳጥኑ የወጣ ማይክሮዌቭ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ልጁ ተሰደብኩ ብሎ ተቀየመ። የወንጂው ጋሼ ገቡ። ልጄ ብለው፣ የተቆጣህ ሰው እጅህን የሚፈልግልህ ነው አሉት። እሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲህ የተቆጣቸው ፎርማን እንደነበር ነገሩት። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ባለሙያውም አነጋገሩን አለሰለሰ።

መልስ 25። የሞተር ጠምጣሚው ልጅ ነው። ማይክሮዌቩ ይቅር፣ ማግኔቱን ብቻ ብንሠራስ ብሎ ጠየቀ። ለ0.0875 ቴስላ ስንት ዙር ያስፈልጋል?

መልስ 26። አሰላሁለት። አማካይ ራዲየሱ 5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ጥቅል 7,000 ገደማ አምፒር ዙር ይመጣል። በ10 አምፒር 700 ዙር ነው። ሽቦው 220 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 5 ኪሎ ገደማ መዳብ ነው። 150 ዋት ያህል ይሞቃል። ሁለት ጥቅል ፊት ለፊት ካቆምን፣ ጫፎቹ ላይ በርትቶ መሐሉ ላይ የሚሳሳውን የማግኔት ወጥመድ በመለኪያ ነጥብ በነጥብ መሣል እንችላለን። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው፤ ቫኪዩም የለበት፣ ማይክሮዌቭ የለበት። ተማሪዎቼ የሚፈልጉት ይህንን ነው።

መልስ 27። ትናንት ማታ የመጣ ነው። ከተቃጠሉ ሞተሮች ያወጣው ሽቦ ኢንሱሌሽኑ ስለተላጠ አዲስ ገዝቷል። የመጀመሪያውን ጥቅል 300 ዙር አድርሶታል። የመልስ 7 ባለሙያ ብሬከሩንና ኧርዙን እኔ አስራለሁ ብሎታል። አሁን የቀረችው ጥያቄ በንብርብሮቹ መካከል ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ልተው ወይስ ጥቅጥቅ ላድርገው የሚለው ነው። በየአራት ንብርብሩ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አስገባበት አልኩት። ቅዳሜ መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ።